የቼዝ ፕሮግራሙ ስቶክፊሽ ኪንግስ ኢንዲያንን የማይወደው ለምንድን ነው? ልተወው?

ጥያቄ፦ ጂ6
ሰላም ለሁላችሁ። ነጭ በዲ4 ሲከፍት የምመልሰው ኪንግስ ኢንዲያን በሚባለው የጥቁር አከፋፈት ነው፦ ፈረስ ኤፍ6፣ ጂ6፣ ቢሾፕ ጂ7፣ ዲ6፣ ካስል። ሊቼስ (የቼዝ ድረ ገጽ) ላይ ስመረምረው ስቶክፊሽ ገና በ6ኛው ሙቭ ለነጭ +0.8 አካባቢ ይሰጠዋል፤ ነጭ ይሻላል ማለቱ ነው። ሬቲንጌ (የችሎታ ነጥቤ) 1500 ገደማ ነው፤ የምጫወተው የ10 ደቂቃ ነው። የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት እነ ፊሸርና ካስፓሮቭ ያሸነፉበትን አከፋፈት ኮምፒዩተሩ ለምን ይጠላዋል?

መልስ፦ ጥቁር ፈረስ
አትተወው። +0.8 ማለት ነጭ አንድ ወታደር ሊበላ ምንም አልቀረውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ስቶክፊሽ 15.1 ወዲህ +1.00 የሚባለው፣ ስቶክፊሽ ከራሱ ጋር ሲጫወት የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ የሚሆንበት ፖዚሽን ነው። ቁጥሩ የሚያወራው ስለማይደክም፣ ሰዓትም ስለማያጣብበው ተጫዋች ነው።

የሚጠላበት ምክንያት ግን እውነተኛ ነው። ነጭ በሲ4፣ ዲ4 እና ኢ4 መሃሉን ይዟል። አንተ ኢ5 ስትገፋ ነጭ በዲ5 ከዘጋው ደግሞ የጂ7 ቢሾፕህ በገዛ ወታደርህ ይታፈናል። ያንተ ጥቃት (ኤፍ5፣ ኤፍ4፣ ጂ5፣ ጂ4) ብዙ ሙቭ ይፈጃል፤ ኮምፒዩተሩ በዚያ መሃል ለነጭ ትክክለኛውን መከላከያ አንድ በአንድ ያገኛል። በ10 ደቂቃ የሚጫወት ሰው ግን ንጉሡ ላይ ወታደር እየመጣበት ያንን ሁሉ ማግኘት ይከብደዋል።

መልስ፦ ሩክ በ7ኛው
እንዲህ አጣራ። ኢንጂኑ (ስቶክፊሽ) የሚያሳየውን መስመር ወደ 5 ከፍ አድርግና ዴፕዝ (ምን ያህል አርቆ እንዳሰበ የሚያሳየው ቁጥር) 25 እስኪያልፍ ጠብቅ። በ1ኛውና በ3ኛው ምርጫ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.3 በታች ከሆነ በአንተ ደረጃ እኩል ቁጠራቸው፤ የሚገባህን ተጫወት። ቀጥሎ የመጽሐፍ ምልክቷን ንካ፤ የማስተሮቹን ትተህ የሊቼስን ዳታቤዝ ምረጥ፣ ሬቲንግ 1400 እና 1600፣ ሰዓት ራፒድ (ያንተ የ10 ደቂቃ ዓይነት)። ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ሆኖ የሚታየው መስመር ማን ስንት በመቶ እንዳሸነፈና ስንቱ አቻ እንደወጣ ይነግርሃል። ጨዋታው ከጥቂት መቶ ካነሰ አትመነው።

ቁጥሩ በአንድ ሙቭ ከ2 በላይ ከዘለለ ግን ያ የአመለካከት ልዩነት አይደለም፤ የሚበላ ነገር አለ። ለምሳሌ ኢ4 ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3 ኤፍ6፤ ፈረሱ ኢ5ን በልቶ በወታደር ሲበላ ንግሥት ኤች5 ቼክ ትላለች። ጂ6 ብትል ኢ5ን በቼክ በልታ የኤች8ን ሩክ ትወስዳለች። እዚህ ላይ ኮምፒዩተሩን ስማ።

ጂ6
አመሰግናለሁ። ጥቃቴ ሳይደርስ ነጭ ሲ5 ገፍቶ ቢቀድመኝስ?

መልስ፦ ጥቁር ፈረስ
ፒኬት በነጭ ከካስፓሮቭ ጋር ቲልበርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጫወተውን ጨዋታ አጥና። ነጭ እንዳልከው በሲ5 ቀደመ፣ ፈረሱም ሲ7 ገብቶ የኤ8ን ሩክ አስፈራራ። ካስፓሮቭ ሩኩን ከማዳን ይልቅ በ20ኛው ሙቭ ጂ3 ገፋ፤ ነጭ ሩኩን በላ፣ በ28ኛው እጅ ሰጠ። ከ20ኛው ሙቭ በፊት ኢንጂኑን አጥፋና ራስህ ፈልግ፤ ከዚያ አብራውና ዴፕዙ ሲጨምር ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከት። በነጭ ካሬ የሚሄደውን ቢሾፕህን ደግሞ በከንቱ አትለውጥ፤ ብዙ ጊዜ የነጭን ንጉሥ ኤች3 ላይ ተሠውቶ የሚከፍተው እሱ ነው።