ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ወደ ሜትር ኪዩብ ሲቀየር ፓወሩ ለምን ይባዛል?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦ ሰላም ነው? እህቴን ፊዚክስ እያስጠናኋት 250 ሴ.ሜ³ ስንት ሜ³ ነው የሚል ጥያቄ መጣ። እኔም በኩራት ለ100 አካፍዬ 2.5 አልኳት። መልሱ ግን 2.5 × 10⁻⁴ ነው ይላል። (10⁻²)³ ላይ ፓወሮቹን፣ ከላይ በትንሹ የተጻፉትን -2ን እና 3ን፣ ደመርኩ፣ 10¹ መጣ፣ እሱም አልሆነም። የቱ ጋ ነው የተሸወድኩት?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ 2.5 ሜ³ እኮ 2500 ሊትር ነው፣ ግቢ ውስጥ የሚቆም ትልቅ ሮቶ! 250 ሴ.ሜ³ ደግሞ ሩብ ሊትር፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ሴንቲ ማለት 10⁻² ነው፣ ኪዩቡ ደግሞ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን ሴንቲውንም ይዞ ነው የሚያባዛው። ዘርዝረህ ጻፈው፦ 10⁻² × 10⁻² × 10⁻² = 10⁻⁶። ከዚያ 250 × 10⁻⁶ ማለት 2.5 × 10⁻⁴ ነው፣ አለቀ።

መልስ 2፦ የምትደምረው 10⁻² × 10³ ቢሆን ነበር። ፓወር በፓወር ላይ ሲወጣ ይባዛል። እኔም ግቢ እስክገባ ድረስ አምታታቸው ነበር፣ አትፈር።

ጠያቂ፦ ገባኝ! ግን ግራም በሴ.ሜ³ ወደ ኪሎ ግራም በሜ³ ሲሆንስ? እሷ ቀጥሎ እሱን ነው የምትጠይቀኝ።

መልስ 1፦ ያው ነው። ከላይ ግራሙ 10⁻³ ኪ.ግ፣ ከታች ሴ.ሜ³ው 10⁻⁶ ሜ³ ይሆናል። ስታካፍል ፓወሩን ትቀንሳለህ፦ -3 - (-6) = 3። ስለዚህ የውሃ ዴንሲቲ (እፍጋት) 1 ግ/ሴ.ሜ³ ከሆነ 1000 ኪ.ግ/ሜ³ ነው። ቅንፏን እንዳትረሳት፣ ሰው የሚወድቀው እሷ ላይ ነው።