የጨው ውሃ አኳሪየሜ ሳይክል ጨርሷል ወይስ ገና ነው?

የልጅቷ እናት (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ለልጄ የ40 ጋሎን፣ ማለትም የ150 ሊትር ገደማ፣ የጨው ውሃ አኳሪየም ጀምሬላታለሁ። ደረቅ ድንጋይና አሸዋ እንጂ ገና ዓሣ የለበትም። ሳይክሉ እስኪያልቅ፣ ማለትም የዓሣ ቆሻሻ የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ፣ እየጠበቅሁ ነው። ሙቀቱ 26 ዲግሪ ነው፤ ጨውነቱ 1.025 (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት)። በጠርሙስ የሚሸጠውን ባክቴሪያ ጨምሬያለሁ። ባክቴሪያው የሚበላውን አሞኒያም እስከ 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊግራም) እያደረስኩ እጠብቃለሁ።

ከወር በላይ ሆነው። በመመርመሪያው ስለካ አሞኒያው ቢጫ ይሁን አረንጓዴ አልለይ አለኝ፤ 0.25 ይመስላል። ናይትራይቱ ደማቅ ወይን ጠጅ ሆኖ ቀርቷል፣ ንቅንቅ አይልም። ናይትሬቱ ቀይ ነው። ድንጋዩን ደግሞ ቡናማ ነገር ሸፍኖታል። የሱቁ ሰው "ቡናማው ከመጣ አልቋል፣ ዓሣ አስገቢ" አለኝ። ልጄም ክላውንፊሽ መቼ እንደሚመጣ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ያሳደገችው ዓሣ ዓይኗ እያየ እንዲሞትባት አልፈልግም። ቁርጡን በምን ልወቅ?

ኮራል ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ገና ነው። አታስገቢ።

ቡናማው ዳያተም የሚባል ደቂቅ አልጌ ነው። አዲስ አኳሪየም ላይ ይመጣል፣ በኋላ ይሄዳል። ስለ ባክቴሪያው ምንም አይነግርሽም። የውሃው መጥራትም እንደዚያው ነው፣ አሞኒያ ቀለም የለውማ። ሳምንት መቁጠሩንም ተዪው። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ግን የአንዱ ከአንዱ ይለያል።

እኔ የማምነው አንድ ፈተና ነው። አሞኒያውን 2 ፒፒኤም አድርሺው፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ለኪ። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ከተገኘ ጨርሷል። አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት። ሁለተኛው ነው የሚዘገየው። አንቺ አሁን እሱን እየጠበቅሽ ነው።

ንቅንቅ አይልም ያልሽው ናይትራይት ግን እየወረደ ሊሆን ይችላል። 1 ፒፒኤም አሞኒያ ሲለወጥ 2.7 ገደማ ናይትራይት ይወጣዋል። 2 ስትጨምሪ ከ5 በላይ ሆነ ማለት ነው። የብዙ መመርመሪያዎች የቀለም ካርድ ደግሞ 5 ላይ ያበቃል። 10ም ይሁን 30 ያው ወይን ጠጅ ነው የሚያሳይሽ። ስለዚህ አንድ እጅ የአኳሪየም ውሃ ከዘጠኝ እጅ አዲስ የጨው ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ለኪና በ10 አባዢው። ናይትሬቱን ለጊዜው አትመኚው፤ መመርመሪያው ናይትራይቱንም አብሮ ይቆጥርብሻል።

የአሞኒያውን ቀለም በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ከነጭ ወረቀት ጋር እዪው። የሳሎን መብራት ያሳስታል። ደግሞስ ውሃው ከየት ነው? አንቺ አካባቢ የቧንቧ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን ውስጥ አሞኒያ አለ። በቧንቧ እየሞላሽ ከሆነ ያቺ 0.25 ከዚያ ልትመጣ ትችላለች።

ከጅዳ

እኔ በናይትራይቱ ላይ ትንሽ እለያለሁ። በጨው ውሃ ውስጥ ናይትራይት ዓሣን ያን ያህል አይጎዳም። ውሃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በዓሣው መተንፈሻ በኩል እንዳይገባ ይከላከላል። የሚገድለው አሞኒያ ነው፤ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ8 ሲያልፍ ደግሞ ይብሳል። የባሕር ውሃ ፒኤች ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

እኔ ውሃ የምቀዳው ከቀይ ባሕር ነው። እዚህ በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ በንጹሕ ውሃ አቅጥኜ ወደ 35 አወርደዋለሁ። እህቴ፣ ሲተን የሚጎድለውን በጨው ውሃ አትሙዪ። ጨው አይተንም፣ ሳታውቂው ይከማቻል።

ኮራል ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆን የምጠብቀው መርዝ ነው ብዬ አይደለም። ሁለተኛው ባክቴሪያ መድረሱን የሚያረጋግጥልኝ እሱ ስለሆነ ነው። ለጀማሪ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም።

የልጅቷ እናት (ቨርጂኒያ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቧንቧውን ትቼ ከሱፐርማርኬት ማሽን የተጣራ ውሃ መቅዳት ጀመርኩ። አሞኒያው መስኮት ጋ ሲታይ ጥርት ያለ ቢጫ ሆነ። ናይትራይቱን አቅጥኜ ስለካው 20 ነበር። በኋላ 10 ሆነ፣ ከዚያ በአንዴ ወረደ። ትናንት ማታ አሞኒያውን 2 አደረስኩት። ዛሬ ማታ ሳላቀጥን ስለካ ሁለቱም ዜሮ! ናይትሬቱ 40 ነው። አሁንስ?

ኮራል ሲልቨር ስፕሪንግ

እሰይ! ጨርሷል።

መጀመሪያ ግማሹን ውሃ ቀይሪ፣ ናይትሬቱ ወደ 20 ይወርዳል። የአዲሱን ውሃ ሙቀትና ጨውነት ከአሮጌው ጋር አስተካክይ። ባክቴሪያው የሚኖረው ድንጋዩና አሸዋው ላይ ስለሆነ ከውሃው ጋር ይሄዳል ብለሽ አትስጊ። ዓሣውን ቶሎ የማትገዢ ከሆነ ግን አሞኒያ ጠብ ማድረግሽን አታቋርጪ፣ ባክቴሪያውም መብላት አለበት።

ሁለት ትንንሽ ክላውንፊሽ ብቻ ግዢ። ልጅሽ አኒሞኒም (ክላውንፊሽ የሚጠለልበትን የባሕር እንስሳ) ካለች፣ እሱ የተረጋጋ አኳሪየም ስለሚፈልግ ወራት መጠበቅ እንዳለባት ከአሁኑ ንገሪያት። ምግብ በቁንጥር ስጡ። የመጀመሪያውን ሳምንት አሞኒያ በየቀኑ ለኪ። ከዜሮ ፈቅ ካለ ምግቡን አቁመሽ ውሃ ቀይሪና እዚሁ ጻፊልን።