ኬታሚን የወሰደ ሰው የት ሄዶ ይመጣል?

ማደንዘዣዋ (ደሴ)፦

ሰላም ናችሁ? ኦፕሬሽን ክፍል ነው የምሠራው፤ ሰው ማስተኛት ነው እንጀራዬ። ሰርጂኑ ይቀድዳል፣ ይሰፋል። እኔ ራስጌ ቁጭ ብዬ ትንፋሽና ግፊት እጠብቃለሁ።

ሰሞኑን አንድ ልጅ መጣ። ደላንታ ገደል ላይ ኦፓል ሲቆፍር ድንጋይ ተንዶበት ክንዱ ተሰብሯል። (ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ።) አጥንቱን ወደ ቦታው ለመመለስ ኬታሚን ሰጠሁት። ኬታሚን ከሌላው ማደንዘዣ ለየት ይላል። እንደሌሎቹ ትንፋሽ አያዳክምም፣ ግፊት አይጥልም። መብራት ቢጠፋም ያሠራል፤ ለእኛ ሆስፒታሎች ባለውለታ ነው። ግን የወሰደው ሰው ዓይኑን አይጨፍንም። ፍጥጥ እንዳለ ነው የሚተኛው። ብሌኑ ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል፣ አፉ ምራቅ ይሞላል። አጥንቱ ሲጎተት ግን ንቅንቅ አይልም።

ልጁ ሲነቃ "ጣሪያው ላይ ሆኜ ራሴን ሳየው ነበር" አለኝ። "ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ፤ ግድግዳው በሙሉ ያበራል።" እንዲህ የሚል በሽተኛ ብዙ ስላየሁ አልገረመኝም። መልስ ያሳጡኝ እናቱ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ጠበቁኝ።

"እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ነፍሱን አውጥታችሁ ነው የመለሳችሁት?"

"ኧረ እማማ፣ መድኃኒት ነው" አልኳቸው።

"መድኃኒት መሆኑንማ አውቃለሁ። እኔ የምልሽ፣ ተጋድሞ ሳለ ልጄ እዚያ ነበር ወይ?"

እኔ የተማርኩት መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ኤንኤምዲኤ የሚባለውን የነርቭ መልእክት ተቀባይ እንደሚዘጋ ነው። ፈተና ላይ እሱን ጽፌ ማርኬን አግኝቻለሁ። የእማማ ጥያቄ ግን ፈተና ላይ አልመጣም። ልቡ ይመታል፣ ይተነፍሳል፣ ዓይኑ ተከፍቷል። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? የምታውቁ ካላችሁ እስቲ በምታምኑት ንገሩኝ።

የወልዲያው መምህር፦

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) እህቴ፣ ጥያቄሽ ከሙያሽ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። 1846 ቦስተን ውስጥ ሞርተን የሚባል የጥርስ ሐኪም ሰው ፊት በኤተር በሽተኛ አስተኝቶ አሳየ። ብዙም ሳይቆይ ፈላስፋው ሁሉ ያንቺን ጥያቄ ይዞ ተነሣ።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር ነው። ሲነኩት ቅጠሉን እጥፍ የሚያደርግ ተክል አለ። ቤርናር ያንን ተክል ብርጭቆ ደፍቶበት ኤተር አሸተተው። ትንሽ ቆይቶ ቢነካው ወይ ፍንክች! ንጹሕ አየር ሲያገኝ እንደ ድሮው መታጠፉን ቀጠለ። በዚህ አላበቃም። ዘር እንዳይበቅል፣ እርሾ እንዳይቦካ አደረገ፤ በዚያው በኤተር። ሁሉም ኤተሩ ሲነሣላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ይነሣል። አንዱ "ስለዚህ ተክልም ነፍስ አለው" ይላል። ሌላው "አይደለም፣ ማደንዘዣ የሚነካው ነፍስን አይደለም ማለት ነው" ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። እርሾ በኤተር ቆመ ብዬ እርሾ ያስባል ልል አልችልም። ማደንዘዣ የሕያው ሴልን ሥራ ያውካል። አንጎል ያለው ፍጡር ላይ ያ መታወክ ራስን እስከ መሳት ይደርሳል። ችግሩ እንዴት እንደሚደርስ ነው፤ እዚያ ላይ እኔም ጠመኔዬን አስቀምጣለሁ።

ደረሳው (ወረባቦ)፦

አሰላሙ ዐለይኩም። እናትየው የጠየቁት ነገር መልስ አለው። ቁርኣን 39ኛው ምዕራፍ ላይ አላህ ነፍሶችን በሞታቸው ጊዜ ይወስዳል፣ ያልሞቱትንም በእንቅልፋቸው ይወስዳል፣ ጊዜዋ ያልደረሰውን ይመልሳታል ይላል። እኛ ማታ ማታ ሄደን እንመጣለን። መርፌው ምን ይጨምርበታል? ሩሕን (ነፍስን) በማሽን የምትፈልጉ ሰዎች ትንሽ ቀዝቀዝ በሉ።

ባለ ቀፎ (ሐይቅ)፦

ደረሳው ልክ ነህ፣ ግን ማሽኑም ደስ የሚል ወሬ አለው። እኔ ንብ አናቢ ነኝ። ሰው ሁሉ ንብን በጭስ የምናደነዝዝ ይመስለዋል። አናደነዝዛትም። ጭሱ "ጠላት መጣ" የሚለውን የእርስ በርስ ሽታቸውን ይሸፍንባቸዋል። እሳት የመጣ መስሏቸው ደግሞ ማር እየጎረሱ ሆዳቸው ይነፋል፤ ንድፊያው ይቀንሳል። ለማንኛውም ማር ስትቆርጡ ፊታችሁን ሸፈን አድርጉ፣ እኔን ያየ ይመስክር።

በእውነት ንብ ያደነዘዙት ኒውዚላንድ ኦክላንድ ውስጥ ናቸው። ጥናቱ የወጣው በፈረንጆቹ 2012 ነው። ንቦቹን ቀን ለስድስት ሰዓት አይሶፍሉሬን የሚባል ማደንዘዣ ሰጥተው አስተኟቸው። ንብ ምግብ ፍለጋ ስትሄድ አቅጣጫዋን የምትይዘው በፀሐይና በውስጧ ባለው ሰዓት ነው። ሲነቁ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ስለዚህ በተሳሳተ አቅጣጫ በረሩ! ለእነሱ ቀኑ ገና አልመሸም። አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴል ብቻ ያላት ፍጥረት ናት ይህን የምትሠራው፤ የሰው 86 ቢሊዮን ገደማ ነው።

ሲስተር፣ ከኦፕሬሽን የወጣ ሰው "አሁን ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ የሚወተውትሽ ለዚህ ይሆን?

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦

ቦሩ ሜዳ አድጌ አሁን ውጭ አገር የአንጎል ጥናት ላይ ነኝ። ስለ ኬታሚን የጠየቅሽው በቀጥታ ተሞክሯል።

ጋን ሙሉ ይሁን ባዶ አንኳኩተሽ ትለያለሽ አይደል? የሚላኑ ሳይንቲስት ማርቼሎ ማሲሚኒ፣ ጁሊዮ ቶኖኒና ባልደረቦቻቸው አንጎልን በማግኔት ያንኳኳሉ። ከራስ ቅል ውጭ ሆነው አጭር የማግኔት ምት ይልካሉ፤ የሚመለሰውን የኤሌክትሪክ ማዕበል ይቀዳሉ። የነቃ ሰው አንጎል ላይ ምቱ ከቦታ ቦታ እየተቀባበለ ይሄዳል። በፈረንጆቹ 2015 ላይ ባወጡት ጥናት ጥቂት ጤነኛ ፈቃደኞችን ማደንዘዣ ሰጥተው ይህንን ለኩ። ፕሮፖፎል የሚባለውን ማደንዘዣ የወሰዱት ላይ ምቱ ያረፈበት አካባቢ ብቻ ተነቃንቆ ጠፋ። ሲነቁም ያዩት ነገር እንደሌለ ተናገሩ። ኬታሚን የወሰዱት ግን ሲጠሯቸው ባይመልሱም አንጎላቸው የነቃ ሰው ይመስል ነበር። ሲነቁ ረጅምና ደማቅ ሕልም ተረኩ።

ስለዚህ ለእናትየው "ልጅዎ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ግን አልነበረም" ብትያቸው ሳይንሱ አይቃወምሽም። የሰውነቱ ስሜት ተቋረጠ፣ ልምዱ ቀጠለ።

ሌላም ልጨምር። የጡንቻ ማሰናከያ (ሰውነት እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርገው መድኃኒት) ከመሰጠቱ በፊት ተመራማሪዎች የበሽተኛውን አንድ ክንድ በግፊት መለኪያ ጨርቅ አጥብቀው በማሰር መድኃኒቱ እጅ እንዳይደርስ ያደርጋሉ። ከዚያ "ከሰማኸኝ እጄን ጨብጥ" ይሉታል። በ2017 በወጣ የብዙ አገር ጥናት ከመቶ 5 ያህሉ ጨበጡ! ኬታሚን ሳይሆን ተራውን ሙሉ ማደንዘዣ የወሰዱ ናቸው። 2006 ላይም የአንጎል ተመራማሪው ኤድሪያን ኦወን በመኪና አደጋ ራሷን ስታ የቆየችን ሴት "ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ" ብሏት አንጎሏ እንደ ጤነኛ ሰው መልስ ሰጠ። አልመለሰም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ግን እንዳንኩራራ። 1998 ላይ ክሪስቶፍ ኮክ የሚባል ሳይንቲስት ከፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ ጋር በወይን ጠጅ ተወራርዶ ነበር፤ በ25 ዓመት ውስጥ ንቃት አንጎል ውስጥ በምን እንደሚፈጠር እናገኘዋለን ብሎ። 2023 ደረሰ፣ አልተገኘም። ኮክ ሰው ፊት ወይን ጠጁን ከፈለ።

ማደንዘዣዋ (ደሴ)፦

ወይ ጉድ! የቦሩ ሜዳው፣ እንዴት እንዳሳረፍከኝ። ባለ ቀፎም፣ ሰዓት የሚጠይቁኝን ካሁን በኋላ አልቆጣም።

ደረሳው፣ አንተን የሚያጣላን ነገር ያለ አይመስለኝም። እማማ ከማሽን የሚነበብ መልስ አልጠየቁም፤ እኔ ግን የምሠራው በማሽንና በመርፌ ስለሆነ እስከማየው ድረስ ልወቀው።

ካነበብኩት በኋላ አሠራሬ ላይ የጠነከርኩበት ነገር አለ። ከመርፌው በፊት ቁጭ ብዬ አስወራቸዋለሁ። ስለ ልጃቸው ሠርግ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ገበያ፣ የወደዱትን። ደንግጦ የገባ ሰው አስፈሪ ሕልም ይበዛበታል፣ እየጮኸ ነው የሚነቃው። ድሮም እንዲህ ተምረናል፤ ወረፋ ሲበዛ ግን ማን ትዝ ይለዋል?

ኮምቦልቻ ኦአር (ኦፕሬሽን ክፍል)፦

እህት፣ እኛም ጋ ያው ነው። ዲያዜፓም (ማረጋጊያውን) ቀደም አድርገሽ ትሰጫለሽ? ለእኛ ጩኸቱን ቀንሶልናል። ግን የከበደኝ ሌላ ነው፤ በሽተኛው ፍጥጥ ብሎ ተኝቶ ሰርጂኖቹ ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ሚስቱ ሲቀልዱ። ካሁን በኋላ እንዴት ዝም እላለሁ?

ማደንዘዣዋ (ደሴ)፦

ዲያዜፓም ሲኖር እሰጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያልቅብናል። ስለ ቀልዱ ይህን ሁሉ ለኛው ሰርጂን ላኩለት። "ታዲያ እየሰሙ ካልሳቁልኝ ጥፋቱ የእነሱ ነው" ብሎ መለሰልኝ።