ነፍስ ነው ካልን ለምን እናባርራታለን?

የደሴዋ ሰንበት ተማሪ
ሰላም የወሎ ልጆች። ባለፈው እሁድ ማኅበር ላይ የተነሳ ክርክር ከራሴ አልወጣ ብሎኛል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ አርግዛለች። ወንድየው ስልኩን ዘግቷል። አንዲት እናት «ሰው ሳይሰማ ትገላገለው» አሉ። ሌላዋ «ነፍስ ልታጠፋ ነው እንዴ!» ብለው ጮኹ። በሰንበት ትምህርት ቤቷም «ትታገድ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ልጅቷ ግን እዚያው ነበረች፤ ጠላ ትቀዳለች። እጇ ተንቀጥቅጦ ጠላው ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

አቋሜን ልናገር። ፅንስ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ታኅሣሥ 29 የጌታን ልደት ታከብራለች፤ መጋቢት 29 ደግሞ ፅንሰቱን። የእመቤታችን ልደት ግንቦት 1 ነው፤ ፅንሰቷ ነሐሴ 7። የተፀነሰው ገና ምንም ካልሆነ በዓሉ ለምን ተሠራ? ቋንቋችንም «ነፍሰ ጡር» ነው የሚላት። እሺ፣ ነፍስ ነው። ታዲያ ነፍሱን የተሸከመችውን አባርረን፣ ልጁንም ገና ሳይወለድ «ዲቃላ» ብለን፣ አታስወርጂ የምንላት በምን አፋችን ነው? ተከራከሩኝ።

ዲያቆን ከወልድያ
እህቴ፣ በመጀመሪያው ሐሳብሽ እስማማለሁ። ለኤርምያስ «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» ተብሎለታል። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ላይ ዮሐንስ በእናቱ ማኅፀን ሆኖ ዘልሏል። ያልተወለደው ነው የተወለደውን ሁሉ ቀድሞ ጌታን ያወቀው። በሁለተኛው ግን አልስማማም። ሥርዓት የሚባል ነገር አለ። ዛሬ ዝም ካልን ነገ ታናናሾቿ ምን ይማራሉ? መታገድ ጥላቻ አይደለም፤ ንስሐ እስክትገባ ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ ሰሜን ወሎ
እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ሁላችሁም ያላያችሁትን አይቻለሁ። ሥራ ስጀምር የማስወረድ ሕጉ የ1949ኙ ነበር። የሚፈቅደው እናቲቱ ለከባድ አደጋ ስትጋለጥ ብቻ ነው። ልጆቹ ግን ማስወረዱን አልተዉም። ሥር ጠጥተው፣ እንጨት ተጠቅመው፣ ማኅፀናቸው መግል ይዞ ይመጡ ነበር። አንዷን አልረሳም። 17 ዓመቷ ነው፤ ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ እጄን ይዛ «ለእናቴ ወባ ነው በይልኝ» አለችኝ። አልነጋላትም።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 የተፈቀዱት ተለይተው ተቀምጠዋል። መደፈር፣ ከቅርብ ዘመድ መፀነስ፣ የእናት ወይም የፅንሱ ሕይወት ወይም የእናት ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ በአካል ወይም በአእምሮ ችግር ወይም በልጅነቷ ለማሳደግ ያልደረሰች ስትሆን። ድህነት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፤ ቅጣት ሊያቀልል ይችላል እንጂ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተደፍረው የመጡ ነበሩ። አንዷ አልጋው ላይ መተኛት እንኳ አልቻለችም፤ ቆማ ነው ያናገረችኝ። ዲያቆን፣ ለእሷ ምን ትላታለህ? ኦሪት ዘፀአት 21ስ ቢሆን፣ በሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም፣ ቅርጽ የያዘውን ፅንስና ያልያዘውን ለይቶ አይደለም ወይ የሚቀጣው?

ዲያቆን ከወልድያ
ይለያል፤ ልክ ነሽ። ቅዱስ ባስልዮስ ግን በሁለተኛው ቀኖናው ቅርጽ ይዟል አልያዘም የሚለውን ምርመራ አንገባበትም ብሏል። ለእኔ ይሄ በቂ ነው። ስለ ተደፈረችው ግን… ቆሜ አለቅስላታለሁ እንጂ የምላት የለኝም። ፅንሱም የበደለው ነገር የለም። ሁለቱንም ይዤ ነው የምኖረው።

የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ ጎረቤት
ሙስሊም ነኝ፤ በወሎ ወግ ልግባ። በእኛ በኩል ሐዲሱ ነፍስ የሚነፋበትን 120 ቀን ይጠቅሳል። ከዚያ በፊት ባለው ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የእናት ሕይወት ካላሰጋ በቀር አይነካም። እናቴ እኔን ስታምጥ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን «ማርያም ማርያም» ሲሉ እሷም አብራ ብላለች ትለኛለች። ሴት ልጅ ስታምጥ ሰፈሩ ሁሉ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ለዚህችኛዋ ማን ሊቆም ነው? አብሽሪ የሚላትስ?

የደሴዋ ሰንበት ተማሪ
ዲያቆን፣ አንተ ባስልዮስን ካነሳህ እኔ የዕንቆራን (የዛሬዋ አንካራ) ጉባኤ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ314 አባቶች ፅንስ ላጠፉ ሴቶች፣ ቀድሞ እስከ ሞት የነበረውን እገዳ ወደ 10 ዓመት ንስሐ አወረዱት። ኃጢአቱን አላቀለሉም፤ በሩን ከፈቱ እንጂ። ይህችኛዋ እኮ ፅንስ አላጠፋችም! ልጁን ይዛ ቆማለች። ልናግዳት ያሰብነው ባለማጥፋቷ ነው ማለት ነው፤ ብታጠፋውማ ማን ያውቅባት ነበር? ሆዷ ነው ያሳጣት። ታናናሾቿም የሚማሩት ይሄንኑ ነው፤ ደብቆ ያጠፋ መዝሙሩን ይቀጥላል፣ ያሳደገ ይባረራል።

እህቴ ነርስ፣ ስለ ጦርነቱ ያልሽው አሞኛል። እምነቴን አልለውጥም፤ የዚያች ልጅ ፈራጅ ግን አልሆንም።

ዲያቆን ከወልድያ
«ሆዷ ነው ያሳጣት» ያልሽው ነክቶኛል። ስለ ሥርዓቱ አሁንም አንስማማም። ለንስሐ አባቷ ግን ይተው፤ በጉባኤ ፊት አትቁም። ወንድየውም ይፈለግ፤ እሱስ ለምን ስሙ አልተነሳም?

እማማ (የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ)
«ትገላገለው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አላስተባብልም። ልጆቼ፣ ክፋት አልነበረብኝም። በደርግ ጊዜ ታላቅ እህቴ እንዲሁ ሆና አባታችን ከቤት አስወጣት። በጎረቤት ጎተራ ሥር ሦስት ቀን አድራ፣ የማላውቀው ነገር ጠጥታ ሞተች። የቀበራት ሰው አምስት አይሞላም። ይህችን ሳይ እሷን ነው ያየሁት። ቶሎ ይለቅላት ብዬ ነው እንጂ ሕፃኑን ጠልቼ አይደለም። ተከራይ የለቀቀልኝ አንድ ክፍል አለኝ። ትምጣ። እሱን ነበር ማለት የነበረብኝ፤ አፌ ያንን አወጣ።

የደሴዋ ሰንበት ተማሪ
እማማ፣ ዛሬ ማታ ይዣት እመጣለሁ። ገንፎውን እኛ እንሠራለን።

አዋላጅ ነርስ፣ ሰሜን ወሎ
ስንት ወሯ ነው? ክትትል ካልጀመረች ነገውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ ክትትሉም ወሊዱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የአይረን ኪኒኑን አታቋርጥ። የምሽት ፈረቃ ካላት ደግሞ እንዲቀይሩላት ጠይቁላት፤ ብቻዋን አትጠይቅ፣ አብራችኋት ሂዱ።