የ1967ቱ የመሬት አዋጅ በትውልድ የሚወረስን ማኅበራዊ ደረጃ አጥፍቷል ወይ?

ጋሻ መሬት፦ አጥፍቷል ባይ ነኝ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ባለመሬትንና ጭሰኛን በአንድ ቀን ለያይቷል። ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሉን ለባለመሬቱ መስጠቱ፣ ለእሱ ማረስና ማጨዱ ቀረ። መሸጥ፣ ማከራየት፣ በመያዣ መስጠት ተከለከለ፤ ለአንድ ቤተሰብ ጣሪያው 10 ሄክታር ሆነ። ጥንት አንድ ሰው ጋሻ በጋሻ ይቆጥር ነበር፤ አንዱ ጋሻ ብቻ 40 ሄክታር ያህል ነው። መሬቱ ካልተወረሰ ደረጃው በምን ይወረሳል?

ምጣድ፦ በእጅ ሙያ ይወረሳላ! አዋጁ የተጻፈው ጭሰኛን ታስቦ ነው። ጭሰኛው በእጁ ያለውን የባለመሬቱን ጥማድ በሬና የእርሻ ዕቃ ይዞ እንዲቀር ይፈቅዳል። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው የማን በሬ በእጁ ነበረና ነው የሚያስቀረው? ገበሬ ማኅበሩ ማሳ ቢሰጠው እንኳ የሚያርስበት የለውም፤ ለባለ በሬ በእኩል ይሰጠዋል። አዋጁ የሻረው እኩል በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። መሬት ከአቅኚ አባት በዘር በሚወረስበት በርስት አገር ደግሞ የባሰ ነው፤ ገበሬው የያዘውን እንደያዘ እንዲቀጥል ተፈቅዷል። አቅኚ አባት የማይቆጠርለት ባለ እጅ፣ ማለትም የእጅ ባለሙያው፣ መጀመሪያውኑ የያዘው ምን ነበር?

የሕግ ሰው፦ ምጣድ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ንቀቱ በአዋጅ አልተነካም እንዳይባል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ባርነትን መጋቢት 1916 የወጣው ሕግ ቀስ በቀስ እንዲቀር አደረገ፣ ነሐሴ 1934 የወጣው ጨርሶ ሻረው። ያን ሁሉ አዋጅ አልፎ ስድቡ እስከ ዛሬ አለ። አዋጅ ውል ያፈርሳል፤ ማዕድ ግን አያስቀርብም።

ምጣድ፦ ማዕዱን ካነሱት አይቀር፣ ምጣዱን እንየው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ትቆፍራለች፣ ትረግጣለች፣ ትሠራለች፣ አድርቃ ትተኩሳለች። ምጣዱን የገዛችው ሴት በጎመን ዘር ታሟሸዋለች፣ እንጀራ ትጋግርበታለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይበላል። ያንን ምጣድ የሠራች እጅ ግን ከዚያው ገበታ ላይ እንድትዘረጋ አይፈቀድም፤ «ቡዳ ናት» ይባላል። በካፋ እንዲሁ ለተገለሉት ወገኖች፣ ለማንጆዎች፣ ምግቡን ደጅ አስቀምጦ በኮባ ቅጠል ማቅረብ ተለምዶ ነበር፣ ዕቃው እንዳይነካ። ይህን የትኛው ሄክታር ያካክሰዋል?

ጋሻ መሬት፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ተረታሁ፤ አዋጁ ማዕዱን አልነካም። መሬቱ ላይ ግን አልለቅም። እንዲያውም ጥፋቱ የመጣው መሬት ያከፋፈለው አካል አዲስ ደረጃ ሲፈጥር ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራሲ» የተባለው፣ በደርግ ጊዜ በቀበሌ የሠራ ሁሉ ማለት ነው፣ 4 ጥማድ (1 ሄክታር) ብቻ ተተወለት፤ ለሌላው ጣሪያው እስከ 3 ሄክታር ነበር። ልጆቹ በአባታቸው ስም ተቀጡ። ስም መውረስ ይሄ አይደለም?

የሕግ ሰው፦ ነው፣ እና የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 «በትውልድ» መለየትን በግልጽ ይከለክላል። ችግሩ ካሳው ላይ ነው። አንቀጽ 54 ለአናሳ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ የምክር ቤት ወንበር ይይዛል። በሙያው የተገለለ ወገን ግን ከጎረቤቱ ጋር ቋንቋ ስለሚጋራ፣ አንቀጽ 39 በሰጠው ትርጉም ብሔረሰብ ለመባል ይቸግረዋል። የተገለለው በደም ስም ነው፤ ወንበሩ የሚሰጠው በቋንቋ ስም ነው።

ምጣድ፦ ስለዚህ ከላይ አንጀምር። የቀበሌ መሬት ኮሚቴ ሲመረጥ ከባለ እጅ አንድ ሰው ይግባ። የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ማሳውን ከመንገድ ዳርና ከጠፍ ላይ ብቻ ሲመድቡለት ባለ እጁ ዝም የሚለው እዚያ ሰው ስለሌለው ነው።

ጋሻ መሬት፦ በዚህ እስማማለሁ። የሸክላ አፈሩ መቆፈሪያስ? እሱንም አብራችሁ ጻፉት፤ ለግጦሽ ሲከለል መጀመሪያ የሚዘጋው እሱ ነው።