የላይብረሪው ቁልፍ እኔ ጋ መጣ፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ የባዮሎጂ መምህርት፣ ደቡብ ወሎ

ጤና ይስጥልኝ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የላይብረሪያችን ሠራተኛ ዝውውር አግኝታ ሄደች። ሰኞ ዕለት ስብሰባ ላይ ርእሰ መምህሩ "ሰው እስኪቀጠር አንቺ ያዢው" አሉኝና ቁልፉን ሰጡኝ። ክፍለ ጊዜ ይቀነስልሻል ተብያለሁ። እስካሁን የተቀነሰ የለም።

ክፍሉ ሰፊ ነው። ከወንበሮቹ ግማሾቹ ግን እግር የላቸውም። ከውጭ በእርዳታ የመጡት መጻሕፍት ከነካርቶናቸው ተከምረዋል። አንዱን ካርቶን ከፍቼ ባይ ስለ አሜሪካ የግብር ሕግ፣ ሥሩ ደግሞ ስለ ዊንዶውስ 98። አዲሱ መማሪያ መጽሐፍ በበኩሉ ለአራት ተማሪ አንድ ቢደርስ ነው። የ12ኛ ክፍል ልጆች መንገድ ላይ እያስቆሙ "ቲቸር፣ መቼ ነው የሚከፈተው?" ይሉኛል። መጽሐፉን በወጉ ሳልደረድር መክፈት ፈራሁ። ላይብረሪ የሠራችሁ እስቲ ምከሩኝ።

መልስ 1፦ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሠራተኛ፣ ጡረታው የተቃረበ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ርክክቡ ልጠይቅሽ። ቁልፉን ስትቀበዪ ቆጥራችሁ ተፈራርማችኋል? ካልሆነ ነገ ጠዋት ቢሮ ግቢና ኮሚቴ ይቋቋምልኝ በዪ። መጽሐፍ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ የሆነ የመንግሥት ንብረት ነው። የጠፋ ቀን የሚጠየቀው ስሙ የሰፈረው ሰው ነው። ላይብረሪ ተቆልፎ ሲውል ብዙ ሰው ሠራተኛውን ሰነፍ ይለዋል። እኔ የማውቃቸው የሚቆልፉት ግን ከደመወዜ ይቆረጣል ብለው ነው። እውነታቸውን ነው።

ርክክቡ እንዳለቀ ክፈቺው። መደርደሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ተማሪ አስቀድሞ የሚፈልገው ወንበር፣ ብርሃንና ጸጥታ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ከተከፈተ በኋላ ሄጄ አይቻለሁ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ወመዘክርን ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሁለቱም ጋ ያየሁት አብዛኛው ወጣት የራሱን ሃንድአውት ይዞ የሚመጣ ነው። እኛ ግቢም ያው ነው። ፈተና ሲደርስ ልጆቹ የሚጣሉት በመጽሐፍ አይደለም፣ በቦታ ነው። ጠረጴዛ ላይ ደብተር ጥሎ ምሳ የሚሄደው ስንቱ ነው! ስለዚህ መጀመሪያ አናጢ ፈልጊ።

ቀጥሎ የማነግርሽ ቀላል ይመስላል፣ ግን ዋናው እሱ ነው። የበሩ ጥበቃ። ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የጠዋቱ ልጅ ነፃ የሚሆነው ከሰዓት ነው፣ የከሰዓቱ ደግሞ ጠዋት። ማንበብ የሚችሉት ያኔ ነው። ጥበቃው ግን "ፈረቃህ አይደለም" ብሎ ከበር ይመልሳቸዋል። በዚህ ዓይነት ላይብረሪው ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ቢውልም ሰው የሚያየው በእረፍት ሰዓት ብቻ ነው። መታወቂያ ያሳየ ተማሪ በሁለቱም ፈረቃ ይግባ የሚል ደብዳቤ ከነማኅተሙ አጽፊ። በቃል የተነገረ ነገር በር ላይ አይሠራም።

ስለ አደራደሩ፣ የዲዊን ቁጥር ተጠቀሚ፤ ላይብረሪዎች መጽሐፍን በትምህርት ዓይነት የሚለዩበት ቁጥር ነው። ግን ሙሉውን አትሞክሪው። 510 ሒሳብ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ፣ 570 ባዮሎጂ። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። ለጊዜው ይሄ ይበቃሻል። መማሪያ መጽሐፉን ለብቻው ሪዘርቭ አድርጊው፤ ልጁ መታወቂያ ያስይዛል፣ እዚያው አንብቦ ይመልሳል። የግብር ሕጉንና ዊንዶውስ 98ን ግን እንዳትጥዪ! ንብረት የሚወገደው በኮሚቴ ነው። እስከዚያው ካርቶኑ ስቶር ይግባ፣ ቦታው ለወንበር ይሁን።

መልስ 2፦ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ

ቲቸር፣ እኔ በተማሪ በኩል ልናገር። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ማታ ቴሌቪዥኑ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ታናናሾቼ አሉ። ለማትሪክ የቸከልኩት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ነው። የትምህርት ቤታችን ላይብረሪ 11 ሰዓት ሲል ይዘጋ ነበር። ከቻሉ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያስከፍቱት። ሴቶች ግን ከመሸ ቤተሰብ አይለቃቸውም፣ ለእነሱ ቅዳሜ ጠዋትን ይጨምሩላቸው።

ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችንም አሳትመው ያስጠርዙ። "ቴሌግራም ላይ ሞልቷል" ይባላል። ስልክ የሌለው ልጅስ?

መልስ 3፦ የአይሲቲ መምህር

በአንድ ነገር ከመልስ 1 አልስማማም። የቁጥሩን ነገር ትታችሁ ባለቀለም ፕላስተር ለጥፉ። ባዮሎጂ አረንጓዴ፣ ፊዚክስ ሰማያዊ። የ9ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ኮምፒውተር ካላችሁ ደግሞ ኢንተርኔት ባይኖርም ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ወስዳችሁ አንዴ ትጭኑታላችሁ። የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችና ፌት የሚባሉት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሙከራዎች እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ከዋናው ማሽን ላይ ያያሉ። ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ኪዊክስ አለ። አብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ መምህር አጠገባቸው ቢቀመጥ ጥሩ ነው። መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ከሆነ ላፕቶፕ ይመረጣል።

ይሄን ቅንጦት አታድርጉት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው። ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ፈተና ክፍል ገብቶ ከማውዙ ጋር መታገል የለበትም።

መልስ 1 በድጋሚ

ወንድሜ፣ ፕላስተሩ በሁለት ዓመት ይለቃል። አረንጓዴ የለመደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚጠብቀው ቁጥር ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ መደርደሪያ መሃል ቆመው የሚደናገሩ ፍሬሾች አያለሁ። ከፈለጋችሁ ሁለቱንም ለጥፉ፣ ቁጥሩን ግን አትተዉ። ስለ ኮሊብሪ ያልከውን ለልጄ ልኬለታለሁ፣ እሱም አስተማሪ ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሞዴል 19 ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። ርክክቡ ሐሙስ ነው፣ ከሒሳብ ክፍል አንድ መምህር ኮሚቴ ሆኖ ይቆጥራል። እኛም በፈረቃ ነን፤ ደብዳቤው ተጽፎ ማኅተም እየጠበቀ ነው። ጥበቃችንን ቀድሜ ባነጋግራቸው "ዩኒፎርም ያልለበሰም ልታስገቢብኝ ነው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ 1

ለብሰው ይምጡ። እዚህ ላይ አትከራከሪያቸው፣ በሩ የእሳቸው ነው። ሻይ ግን ጋብዣቸው።