ዘጠኝ ወር ያልሞላው መኪናችን ሞተር ሊቀየርለት ነው፤ ምን ላስጽፍ?

ጠያቂ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ወንድሜ አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ደብል ጋቢና ናፍጣ መኪና ገዛን። ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው፣ ዘጠኝ ወር አልሞላውም። ከፊሉ የባንክ ብድር ነው። እህል ወደ ኮምቦልቻ እናወርድበታለን፣ ስንመለስ ዕቃ እንጭናለን። አሁን 14,200 ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ የሐረጎን ዳገት እየወጣ ሳለ የዘይት መብራት በራ። የሚቆምበት ቦታ እስኪያገኝ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። አጠፋው፣ ከዚያ በኋላ አላስነሳውም። በክሬን ጭነን ኮምቦልቻ ለአስመጪው የሚሠራ ጋራዥ አስገባነው። ዘይቱን ሲያፈሱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጣቴን ነክሬ ወደ ብርሃን ሳዞረው ወርቅ የተነሰነሰበት ይመስል ያብለጨልጫል። እዚያው እንባዬ መጣ።

ዋስትናው 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። አስመጪዎቹ መጀመሪያ «አንዱን ሰርቪስ ውጭ አሠርታችኋል፣ ዋስትና የለም» አሉን። እውነት ነው፣ 10,000 ላይ ደሴ ዘይት ቀይረናል። ደረሰኙ ግን አለን። ስንጨቃጨቅ ሰንብተን አሁን «እሺ፣ ሞተር እንቀይራለን» ብለዋል፤ ያውም በቃል። ልቀበል ወይስ ሌላ መኪና ልጠይቅ? ከተቀበልኩስ ምን ላስጽፍ?

ነጋዴ፣ ደሴ ፒያሳ

እኔ ብሆን አልቀበልም። አዲስ መኪና ብለው ሸጠው በዘጠኝ ወሩ ሞተር የተፈታ መኪና ሊመልሱልሽ ነው። ነገ ብትሸጪውም ዋጋው ይወርዳል። ሌላ መኪና ጠይቂ።

መካኒክ፣ ኮምቦልቻ

አብሽሪ ልጄ። 22 ዓመት ናፍጣ ሞተር ላይ ሠርቻለሁ። ያ ወርቃማ ብናኝ አብዛኛውን ጊዜ ከብሮንዚና፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ ከሚሽከረከርበት ስስ የብረት ሽፋን ነው የሚመጣው። ዘይት በበቂ ግፊት ሳይደርሰው ሲቀር ብሮንዚናው ይበላል፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያገናኘው ብረት) ያንኳኳል። ወንድምሽ ማጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ቢገፋበት ቢየላው ብሎኩን በስቶ ይወጣ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር «ሞተር» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ማወቅ ነው። ብሎኩን ከነፒስተኑ ብቻ ነው? ወይስ ከነቴስታታው (ከላይ ያለው የሞተሩ ክዳን)፣ ከነቱርቦው፣ ከነዘይት ፖምፓው ሙሉ ሞተር? ይህን በግልጽ አስጽፊ። ብናኙ ዘይት በደረሰበት ሁሉ ደርሷል። ቱርቦው ሲሽከረከር የሚለሰልሰው በዚያው ዘይት ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ደግሞ ውስጡ ጠባብ ጠባብ መንገድ ስለሆነ ብናኝ አንዴ ከገባበት ታጥቦ አይጠራም። አሮጌውን ማቀዝቀዣ አዲስ ሞተር ላይ ከገጠሙት ያው ብናኝ አዲሱን ሞተር ይበላዋል። በሁለት ወሩ ተመልሶ የወረደ ሞተር በእጄ ፈትቻለሁ። ስለዚህ ቱርቦውም የዘይት ማቀዝቀዣውም አዲስ ይሁን።

ሌላው፣ አሮጌው ፊልትሮ እንዳይጣል። ፊት ለፊትሽ ይቅደዱት፣ የወረቀቱን እጥፋት ዘርግተሽ ፎቶ አንሺ። ከዘይቱም ግማሽ ሊትር በንጹሕ ጠርሙስ ቅጂ። አሽገሽ ቀኑን ጻፊበት፣ እነሱም ይፈርሙበት። ነገ «ዘይቱ ነው ያበላሸው» ካሉ ማስረጃሽ እሱ ነው።

ጠበቃ፣ ደሴ

እህቴ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ለማለት የሚሰጠው ጊዜ ከግዢው 15 ቀን ነው። ያ አልፏል። ስለዚህ ሌላ መኪና ይሰጠኝ ብለሽ መከራከር ባይከለከልም መንገዱ ረጅም ነው። አሁን በእጅሽ ያለው ጠንካራ ነገር የዋስትና ወረቀቱ ነው። እያንዳንዱን መስመር አንብቢ። ውጭ ሰርቪስ ማሠራት ዋስትናውን ይሰርዛል የሚል ከሌለ ያሉት ሁሉ ወሬ ነው። ካለም፣ ያ ዘይት ለብልሽቱ ምክንያት መሆኑን በጽሑፍ እንዲያስረዱ ጠይቂ።

የቃል ተስፋ ላይ አትቀመጪ። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። ዛሬውኑ ደብዳቤ ጻፊ። መኪናው መቼ እንደቆመ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደነበር፣ ምን እንዳሉሽ፣ ምን እንደምትጠይቂ። ሁለት ኮፒ አድርጊ፤ አንዱን ገቢ አስደርጊ፣ ሌላው ላይ ማኅተም አስመቺ። ሞተሩ የሚመጣበትን ቀን፣ አዲስ እንጂ ያገለገለ አለመሆኑን፣ የራሱ የዋስትና ጊዜ ከመቼ እንደሚቆጠር አስገቢበት።

ሹፌር፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ

ሊብሬውን እንዳትረሺ! የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ አለ። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። እኔ ዝም ብዬ ስነዳ ከርሜ ለቦሎ ምርመራ ስቀርብ «ቁጥሩ አይገጥምም» ተባልኩ። ሦስት ሳምንት መኪናው ቆመ፣ እኔም ሥራ ፈታሁ። ከአስመጪው ሞተሩን በዋስትና ቀይረናል የሚል ደብዳቤ፣ ከአዲሱ ሞተር ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ወረቀት) ጋር ሳትቀበዪ መኪናውን አታውጪ። ከዚያ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ሊብሬው ይስተካከላል። ብድር ስላለብሽ ሊብሬው ባንክ ዘንድ ይሆናል፣ ቀድመሽ አነጋግሪያቸው። ኢንሹራንሱም ውል ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ አሳውቂ። አሮጌውም አዲሱም ቁጥር ብሎኩ ላይ የተመታበትን ቦታ በስልክሽ አንሺው።

ጠያቂ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠርሙሱን አሽጌ አስፈርሜያለሁ። ደብዳቤውንም ዛሬ ገቢ አደረግሁ። ሞተሩ ሙሉ እንደሆነ ጽፈው ሰጡኝ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ግን «ይታጠባል» ይላሉ። የሊብሬው ነገር ጭራሽ አልታሰበኝም ነበር፤ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ሌላ መኪና የሚለውን ትቼዋለሁ። ብድሩ በየወሩ ይቆጥራል፣ ፍርድ ቤት ስመላለስ የምከፍለው የለኝም።

መካኒክ፣ ኮምቦልቻ

«ይታጠባል» ካሉ በእሱ ምክንያት ሞተሩ ቢበላሽ ኃላፊነቱ የእኛ ነው ብለው ይጻፉልሽ። ያን መጻፍ ሲመጣ አብዛኛው ሰው አዲሱን ይገጥማል።

ሲረከብ ወንድምሽ ቀዝቃዛውን ሞተር ራሱ ያስነሳ። የዘይት መብራቱ በሰከንዶች ውስጥ መጥፋት አለበት። ለመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ሙሉ ጭነት አይጫንበት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ሐረጎ ላይ በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቀ አይውጣ፣ ቶሎ ማርሽ ይቀንስ። ጠዋት ጠዋት ዘይት ይለካ። 1,000 ሲሞላ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር፣ እሱንም እነሱ ጋ ያሠራ። ያን ፊልትሮ ይዘሽልኝ ነይ፣ ቀድደን አብረን እናየዋለን።